ድንጋዩን ያሸከሙት ሽማግሌ

ጋሽ እንድሪስ መሞታቸውን የነገረኝ የአንኮበር መስመር ሚኒባስ ሾፌር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሱቄ በር ላይ መኪናውን አቆመና በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ትዕግሥት፣ ያ ሽማግሌሽ አረፉ እኮ» አለኝ።

«መቼ?»

«እሑድ።»

«ቀብሩስ?»

የማይጠየቅ ጥያቄ ነው የጠየቅኩት። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ እሑድ ጠዋት አርፈው እሑድ ከሰዓት አፈር ገብተዋል። እኔ ያን ቀን ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት። ለምን አልደወልክልኝም ብዬ ሾፌሩ ላይ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ስልክ ቁጥሬን እንኳ አያውቀውም። ሲሄድ የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ አለቀስኩ።

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከፍርድ ቤት ብዙ ባልራቀች የቆርቆሮ ሱቅ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ይዤ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ እጽፋለሁ። ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ወይ ተናዶ ወይ ተጨንቆ ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ እሱም እኔን ይረሳኛል፣ እኔም እሱን እረሳዋለሁ፤ እንዲያ ባይሆን ኖሮ አብጄ ነበር። ጋሽ እንድሪስን ግን ልርሳቸው ብልም አይሆንልኝም።

የመጡት ከአልዩ አምባ በታች ካለ የቆላ መንደር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነጭ ኮፍያቸው ዛሬ የተገዛ የሚመስል ሰው ነበሩ። የደጋው ብርድ አይስማማቸውም። «ይቺን ከተማ የሚገዛት ከንቲባ አይደለም፣ ብርድ ነው» ይሉ ነበር፣ በጋቢያቸው ላይ ሌላ ጋቢ ደርበው። ሻይ ሲጠጡ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር እስኪተኛ ይጨምራሉ። ኩራትም ነበረባቸው። «ከአልዩ አምባ እስከ ደብረ ሲና እኔ ያላስታረቅኩት ሰው ካለ፣ ወይ ያልተጣላ ነው ወይ ያልተወለደ» ይላሉ። መንደሩ የሚያውቃቸው በደም አድራቂነታቸው ነው። በዚያ አገር ሰው ሲገደል የሟች ወገን ደም ልመልስ ብሎ መሣሪያ ያነሣል፤ ያንን በቀል አስቁሞ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ደም አድራቂ ይባላል።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ወንበር ሰጠኋቸው። እምቢ ብለው የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጋሽዬ፣ ብርድ ነው፣ ይነሡ» አልኳቸው።

«ሽማግሌ ከተበደለ ሰው በላይ አይቀመጥም።»

«እዚህ የተበደለ ማን አለ?»

«እሱን ልነግርሽ ነው የመጣሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

እኔ ደግሞ ከሥሩ የሚጀምር ባለጉዳይ አልወድም፤ በሩ ላይ ሌላ ሰው ይጠብቃል። ቢሆንም አወሩ፣ እኔም ጣቶቼን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ሰማሁ። ሲጨርሱ «በሉ ልጻፍ» አልኳቸው።

«ቆይ። እስቲ ያልኩሽን መልሰሽ ንገሪኝ።»

«ሰምቻለሁ እኮ።»

«መስማትሽን መች ጠየቅኩሽ? መልሺልኝ።»

«ሰይድ የሚባል ሰው ከማል የሚባለውን ገደለ፣ እርስዎ አስታረቋቸው፣ አሁን ዐቃቤ ሕግ ለምስክርነት ጠርቶዎታል።»

«እንዲያ አላልኩም። ድገሚ።»

ደሜ ፈላ። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ «ስምሽ ማን ነው?» አሉኝ። «ትዕግሥት» ስላቸው ከት ብለው ሳቁ። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ትላላችሁ እናንተ። ያንቺን የሚያወጣው መልአክ ያን ቀን ሥራ አልገባም።»

ሳልወድ ሳቅኩ። እንደገና አወሩ፣ እንደገና መለስኩ፣ እሺ እስኪሉ ድረስ። በኋላ እንደገባኝ የሽምግልናቸው ስልት ይህ ነበር። የተጣላ ሰው፣ ሌላው ያለውን ሳያዛባ መልሶ ሳይናገር፣ ያኛውም «አዎ፣ እንዲያ ነው ያልኩት» ሳይለው፣ መልስ መስጠት አይፈቀድለትም። ግማሹ ጠብ እዚያው ላይ ያልቃል ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። እኔና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ በጄኔሬተሯ ጩኸት ስንነታረክ ከርመን ነበር፤ አንድ ከሰዓት አስቀምጠው የእሷን ለእኔ፣ የእኔን ለእሷ ሲያስደግሙን ሳቃችን መጣ። ጄኔሬተሩም በማግሥቱ ወደ ጓሮ ዞረ።

የነገሩኝ ነገር ይህ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል ለመንደሩ ማዳበሪያ መጣ፤ ግን የሚበቃ አልነበረም። የሚያከፋፍለው ከማል የገበሬ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ በቀበሌው ውስጥ የፓርቲው ሰው ነበር። ከላይ የታዘዘው ለአባላት ቅድሚያ ስጥ ተብሎ ነው። አባል ያልሆነው ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ሲባል ሰኔ ተጋመሰ። ዝናቡ ወርዶ መሬቱ እየጠበቀ፣ ገበሬው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ የአባላቱ አህያ ተጭና ስትወጣ ያያል። «ማዳበሪያ የሚበላው መሬት ነው» አሉኝ ጋሽ እንድሪስ። «መሬት ደግሞ መቼ አባል ሆና ታውቃለች?»

አንድ ቀን ሕዝቡ በሩን ገፋ። ዱላ ተነሣ፣ ድንጋይ ተወረወረ፤ በግርግሩ መሐል ከማል ጭንቅላቱን ተመቶ ወደቀ። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ። የማን እጅ እንደሆነ አየሁ የሚል ሰው አልተገኘም።

የከማል ወንድሞች ክላሽ አነሡ። ማንን እንደሚገድሉ ስለማያውቁ ያገኙትን ሁሉ ሊገድሉ ነው። ሽማግሎች ገቡ፣ የሚመሯቸውም ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። በወጉ መሠረት ደም የሚደርቀው ከገዳይ ወገን አንድ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የሟች አባት ፊት ቀርቦ «ገድያለሁ፣ ማሩኝ» ሲል ነው። ገዳዩ ከታወቀ ራሱ ይሸከማል። ካልታወቀ ግን አንድ ሰው ለሁሉም ይሸከማል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የዚያ ሰው እንዳልሆነ ሸንጎው ሁሉ ያውቃል፤ የሟች አባትም ያውቃል። የሚመረጠውም አባትየው ፊቱን ሊያዞርበት የማይችል ሰው ነው።

ጋሽ እንድሪስ ሰይድን መረጡ። ሰይድ የከማል የልጅነት ጓደኛ ነው፤ በሟች አባት በአቶ ሁሴን ቤት እየበላ ያደገ። በግርግሩ ዕለት ከማል ሲወድቅ ሮጦ ያነሣው እሱ ነው። «አንተ ተሸከም፤ አንተን እምቢ አይሉህም» አሉት። ሰይድ አልተከራከረም። አቶ ሁሴን ድንጋዩን ከጫንቃው ላይ በገዛ እጃቸው አውርደው፣ አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። ፋቲሃ ተቀራ፣ ወንድማማቾቹ መሣሪያቸውን ሰቀሉ። ጋሽ እንድሪስ በዕድሜያቸው ካወረዱት እርቅ ሁሉ እንደዚያኛው የኮሩበት የለም።

ከታዳሚው አንዱ በስልኩ ቀርጾት ነበር። ቪዲዮው ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ሄዶ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ገባ። ሰይድ ታሰረ።

ምስክር የተሰማ ቀን ሱቄን ዘግቼ ችሎት ገባሁ። ዐቃቤ ሕጉ ቪዲዮውን አሳየ። ሰይድ ድንጋዩ ጫንቃው ላይ ሆኖ «ገድያለሁ፣ ማሩኝ» ሲል ጥርት ብሎ ይሰማል። ከዚያ ጋሽ እንድሪስ ቁርአን ይዘው ማሉ።

«ተከሳሹ ገድያለሁ ብሏል ወይስ አላለም?» አላቸው ዐቃቤ ሕጉ።

«ብሏል። በል ያልኩት እኔ ነኝ። በወጋችን…»

«የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ብሏል አይደል?»

«ጌታው፣ እስቲ መጀመሪያ እኔ ያልኩዎትን መልሰው ይንገሩኝ።»

ችሎቱ ሳቀ። የመሐል ዳኛው ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው «እዚህ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት» አሏቸው። ሰው የሳቀው የገጠር ሽማግሌ ቀልድ መስሎት ነው። እኔ ግን ደፉ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንዳስደገሙኝ ስለማውቅ መሳቅ አልቻልኩም። ሰውዬው እውነትን የሚያገኙበትን አንድ መንገድ ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ እሱንም ከለከሏቸው።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ያስጻፉኝ፣ ወጉን የሚያስረዳው ጽሑፍ ከመዝገቡ ጋር ተያያዘ። መልሱ ባህል ሕግን አይሽርም የሚል ነበር። የሟች አባት አቶ ሁሴን እጃቸውን አውጥተው ቆሙ። ለመናገር እንኳ በስንት ልመና ነው የተፈቀደላቸው።

«ጌቶቼ፣ ልጁ የእኔ ልጅ ነው። ደሙም የእኔ ነው። እኔ ምሬያለሁ። እናንተ የማንን ደም ነው የምትመልሱት?»

ወንጀል የሕዝብና የመንግሥት ጉዳይ እንደሆነ፣ የግል ይቅርታ ክስ እንደማያቋርጥ ተነገራቸው። ሕጉ እንዲያ እንደሚል እኔም አውቃለሁ፤ በቀን ስንት ጊዜ የምጽፈው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ሕጉ አስጠላኝ።

ሰይድ ሞት ተፈረደበት። የሕዝብ አገልጋይ በሥራው ላይ እያለ በጭካኔ በመገደሉ፣ ለሌላውም መቀጣጫ እንዲሆን ተባለ። ለዳኞቹ ማን ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። የከማል ለቅሶ ላይ ከላይ የመጡ ሹማምንት በመኪና ተደርድረው ደርሰው፣ ስለ ልማት ጠላቶች ረጅም ንግግር አድርገው ሄደዋል። ማዳበሪያው ለምን እንዳልበቃ፣ ለአባል ቅድሚያ ስጥ ያለውስ ማን እንደሆነ በዚያ ሁሉ ክርክር አንድም ሰው አልጠየቀም። ያዘዘው ሰው ዛሬም ወንበሩ ላይ ነው፣ የታዘዘው ከመሬት በታች ነው፣ የታረቀው እስር ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሽማግሎች፣ ጋሽ እንድሪስና አቶ ሁሴን፣ ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመሩ። የሚያሳድራቸው ዘመድ ስለሌለ በጠዋት መጥተው በመጨረሻው መኪና ይመለሳሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። የይቅርታ ጥያቄ ጻፍኩላቸው። አንድ ቀን አንድ ቢሮ አብሬያቸው ገብቼ ነበር፤ አንድ ወጣት ሹም ስልኩን እያየ «አባል ነዎት?» አላቸው ጋሽ እንድሪስን።

«የብዙ ነገር። የቀብር ማኅበራችን የቅሬው አባል ነኝ። የመስጊዱ ጀመዓ ነኝ። የውሃ ኮሚቴውም ውስጥ ነበርኩ፣ ተጣልቼ ወጣሁ።»

«የፓርቲው ነው የምልዎት።»

«ሰው ከሞት ለማውጣት የሚያስፈልግ ከሆነ ዛሬውኑ መዝግበኝ። ግን አባል ከሆንኩ በኋላ ያልኩህን መልሰህ ትነግረኛለህ?»

ወጣቱ ጉዳዩን የበላይ አካል ይዞታል ብሎ ሸኘን።

በዚያው ሰሞን፣ ከወለጋ ተፈናቅሎ እዚህ መጠለያ ውስጥ ይኖር የነበረ የቀን ሠራተኛ ግንባታ ቦታ ላይ ተደብድቦ ሞቶ ነበር። የደበደበውን ሰው ያየው ብዙ ነው፤ ሰውዬው ግን ብዙ ወዳጅ ያለው ባለሀብት ነው፣ በዋስ ወጥቶ በመኪናው ይዞራል። የሟች ሚስት ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ አቤቱታ ስታስጽፍ ጋሽ እንድሪስ ደፋቸው ላይ ሆነው ይሰማሉ። እሷ ስትወጣ «የሞት ፍርድም እንደ ማዳበሪያው ነው ልጄ» አሉኝ። «የሚታደለው ሰው እየተመረጠ ነው።» ሻያቸውንም ሳይጨርሱ ሄዱ።

ሽምግልናውን ተዉት። ወንድማማች በድንበር ተጣልቶ ቢመጣ፣ ባልና ሚስት ቢመጣ፣ «የእኔ አፍ ሰው አስፈርዶበታል፤ ሌላ ፈልጉ» ብለው ይመልሳሉ። አንድ ጊዜ ብቻ እምቢ ማለት አቃታቸው። ጎረቤት መንደር ሰው ተገድሎ፣ ገዳዩ ሳይታወቅ ደም ሊመለስ ነው ተብለው ሄዱ። ሁለቱንም ወገን ሰበሰቡ፤ ድንጋዩን ማን ይሸከም ሲባል ግን ሁሉም ወደ መሬት አየ። የሰይድን ነገር ያልሰማ የለማ! ጋሽ እንድሪስም ማንንም ሳይለምኑ ተነሥተው መጡ። በሳምንቱ ሁለት ሰው ተገደለ። ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ያ የድሮው ኩራት የለም። «ትክክል ናቸው። እኔም ብሆን ልጄን አላሸክምም» አሉ። ፍርድ ቤቱ ሰው መቀጣጫ አደርጋለሁ ብሎ፣ እርቅን ነው የቀጣው። እንዲህ ብዬ ስናገር ሰዎች ቀስ በይ ይሉኛል። ለምንድነው ቀስ የምለው?

የሞት ፍርድ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሳይፈርምበት አይፈጸምም። ስለዚህ ሰይድ ይኖራል፣ ግን እስኪፈረም ድረስ ነው የሚኖረው። ይህንን ለጋሽ እንድሪስ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ፤ ባላስረዳቸው ይሻል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰይድን ሊጠይቁ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ሱቄ ጎራ ይላሉ። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ተፈርሟል የሚል ነገር ሰማሽ?» ይሉኛል። «የለም ጋሽዬ» ስላቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን ይጠርጉበታል፤ ያን እንደ ዓይናቸው የሚጠብቁትን ነጭ ኮፍያ። ለሰይድ የማሽላ እሸት፣ ሲገኝም ማንጎ ይዘውለት ይገባሉ።

«ምን ይልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የሱን ነገር ተይው። እኔን ነው የሚያጽናናኝ። ልጆቼን ጠየቁልኝ ወይ፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ እርስዎስ ጉልበትዎ እንዴት ነው ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ!»

የመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ዘንድሮ ጥር ላይ ነው። ሳል ይዟቸው ነበር። ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ብላቸው «የቆላ ሰው ደጋ ላይ ካላሳለ የት ያስላል?» ብለው አሾፉብኝ። ወንበሩን ሰጠኋቸው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጡበት። ብዙ እንዳልቀራቸው ማወቅ ነበረብኝ።

ሾፌሩ መርዶውን በነገረኝ በማግሥቱ ማረሚያ ቤት ሄድኩ። ሰይድን ሌላ ሰው ነግሮት ቢሆን ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ የነገረው አልነበረም። ጠያቂና ታራሚ በሽቦ ተለያይተን ነው የምንነጋገረው፤ በዚህም በዚያም ሰው ይጮሃል። ከሽቦው ወዲያ ማዶ ሲመጣ አየሁት። ጢሙ ሸብቷል፣ ገና ጎልማሳ ነው። እኔን ብቻዬን ሲያይ ቆመ፤ ዓይኑ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«ጋሽ እንድሪስ አልመጡም?» አለኝ።

«ሰይድ… ጋሽ እንድሪስ አርፈዋል። እሑድ።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና ሽቦውን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። መርዶ ነው ያመጣሁት። ድንጋጤዬን አይቶ ወደ ሽቦው ጠጋ አለ።

«አትቀየሚኝ፣ እህቴ። እሳቸው ሲሰናበቱኝ ሁልጊዜ ሞቴን ከሞትህ ያስቀድመው እያሉ ነበር የሚሄዱት። እኔም አሚን እል ነበር። ተፈርሞብኝ ቢሰሙ እንዴት እንደሚሆኑ እያሰብኩ እንቅልፍ አልነበረኝም» አለ። እንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል፣ አልጠረገውም። «አላህ ሰማቸው። ከእንግዲህ የምፈራው ለራሴ ብቻ ነው።»